የቁም ጸሐፊው ልጅ፤ ስለ ሠዓሊውና መምህሩ ገብረ ክርስቶስ ደስታ

ባለፈው ሰሞን በምግብ አዳራሹ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበን ስለ ሥዕል ስንከራከር፥ አንድ የማከብረው የክፍል ጓደኛዬ፥ ገብረ ክርስቶስ ደስታ የፈረንጅን ሥዕል ወደ አገራችን አመጣ እንጂ ለኢትዮጵያ ጥበብ የጨመረላት ነገር የለም ሲል ፈረደ። የቀሩት ሳቁ። እኔ ግን ተቈጣሁ፤ ብቈጣም የረባ መልስ አላገኘሁም። በቍጣ ክርክር እንደማይረታ የታወቀ ነውና፥ ወደ መኝታ ክፍሌ ተመልሼ ስለዚህ ሰው በእርግጥ የማውቀው ምን ያህል ነው ብዬ ራሴን መረመርሁ። የማውቀው ጥቂት ሆኖ ስላገኘሁትም አፈርሁ። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤ፥ ሥዕሎቹንም ደጋግሜ አይቼ ይህችን ጽሑፍ አዘጋጀሁ። ለጓደኛዬ የዘገየች መልስ ናት፤ ሰውየውን በስም ብቻ ለምታውቁት ለሌሎቻችሁም የምታስተዋውቅ ብትሆን ደስታዬ ነው።

ሁለት ነገር አስቀድሜ ላሳስብ። የሕይወቱ ዋና ዋና ነገሮች በአብዛኛው በአውሮፓ አቈጣጠር ተመዝግበው ስለሚገኙ፥ እኔም ዘመኑን ሁሉ በዚያው አቈጣጠር ጽፌዋለሁ። ደግሞም እንዲህ ያለውን መምህር እርሳቸው በማለት ፈንታ እርሱ እያልሁ መጻፌ ከድፍረት እንዳይቈጠርብኝ። ሕዝብ ባለቅኔውንና ሠዓሊውን አንተ ሲለው የራሱ ወገን አድርጎ መቍጠሩ ነውና።

ገብረ ክርስቶስ በ1932 በሐረር ከተማ ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሰውና ቁም ጸሐፊ ነበሩ። የቁም ጽሕፈት ሙያ ምን እንደ ሆነ ዛሬ ከመካከላችን ስንቱ ያውቃል? ብራናው ይፋቃል፥ ይወጠራል፤ መሥመሩ በወስፌ ይሰመራል፤ ጥቍሩና ቀዩ ቀለም በቤት ይበጠበጣል፤ መቃው ይቀረጻል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ፊደሉ አንድ ባንድ እንደ ግንብ ድንጋይ የሚቆመው። የቅዱሳን ስም በቀይ ይጻፋል፤ በምዕራፉ ራስ ላይ ሐረግ ይሣላል። አንድ ሕፃን በእንዲህ ያለ ቤት ሲያድግ፥ ማንበብ ከመቻሉ አስቀድሞ ፊደልን እንደ ሥዕል ያየዋል፤ ቀይ ቀለምም ለተከበረ ነገር ተለይቶ የተቀመጠ መሆኑን ሳይነግሩት ይማራል። አንባቢ ይህን ነገር በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

ሐረር ራስዋም ቀለም የማይጎድላት ከተማ ናት። የጁገል ግንብ፥ በኖራ የተለሰኑት ጠባብ መንገዶች፥ የሐረሪ ሴቶች ልብስና በገበያ የተደረደረው ፍራፍሬ ለዓይን ትምህርት ናቸው። ነገር ግን ሕፃኑ ያየው ይህን ብቻ አልነበረም። በ1936 የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማይቱን በቦምብ ሲደበድቡ አራት ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላውም ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮም የቆዳ ሕመም ያሠቃየው ነበር፤ ይህም ሕመም እስከ ዕለተ ሞቱ አብሮት ኖሮአል። ሥዕሎቹን ስንመለከት የሚያጋጥመን ብርቱ የሥቃይ ስሜት ከመጽሐፍ የተቀዳ አለመሆኑን ለመረዳት ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

ካደገ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ፥ በዚያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ይባል ወደ ነበረው ወደዚሁ ወደ እኛው ተቋም ገባ። የጀመረውም ትምህርት እርሻ ነበር። እርሻ ለአገር የሚጠቅም፥ እንጀራም የማያሳጣ ሙያ መሆኑን ማንም አይክድም። ኮሌጅ የገባ ተማሪ በጣት በሚቈጠርበት በዚያ ዘመን፥ የያዘውን ትምህርት መተው በቤተ ዘመድ ዘንድ እንዴት እንደሚታይ ለእኛ መንገር አያስፈልግም። መደበኛ የሥዕል ትምህርት ቤት በአገሩ ገና አልተከፈተም፤ ሠዓሊ ሆኖ ደመወዝ የሚያገኝም ሰው እምብዛም አልነበረም። እርሱ ግን እርሻውን ሳይፈጽም ትቶ ወደ ሥዕሉ አደላ። በዚህ አድራጎቱ እኛም እንከተለው ማለቴ አይደለም፤ ትምህርት ጥሎ የወጣ ሁሉ ገብረ ክርስቶስ አይሆንም። ለማሳየት የፈለግሁት ግን ሥዕል ለእርሱ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ እንዳልነበረ ነው።

በ1957 ለትምህርት ወደ ምዕራብ ጀርመን ተልኮ በኮሎኝ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ። ኮሎኝ በዚያን ጊዜ በጦርነት ከፈረሰችበት ገና በመነሣት ላይ ነበረች። እንደ ፈረሱት ቤቶች ሁሉ፥ ሥዕልም በዚያ አገር ከፍርስራሽ መውጣት ነበረበት። ናዚዎች በ1937 በሙኒክ ከተማ የአዲሱን ዘመን ሥዕሎች ሰብስበው፥ ብልሹ ጥበብ የሚል ስም ሰጥተው፥ ለሕዝብ መሳለቂያ አድርገዋቸው ነበር። ኤክስፕሬሽኒስት የሚባሉት፥ የልባቸውን ስሜት በብርቱ ቀለምና በተጣመመ መሥመር የሚገልጹት ሠዓልያን ከየሙዚየሙ ተባረሩ። ከጦርነቱ በኋላ ያ ሁሉ እንደገና በክብር ተሰቀለ። እንግዲህ የሐረሩ ወጣት ጀርመን የደረሰው፥ ሥዕል በመንግሥት ትእዛዝ ሊታገድ እንደሚችል፥ ታግዶም እንደማይቀር በታየበት አገርና ጊዜ ነው። ትምህርቱን በ1961 በብልጫ ፈጸመ፤ ለጥቂት ጊዜም እዚያው እየሠራ ቈይቶ ሥዕሎቹን በኮሎኝ ለሕዝብ አሳየ። እዚያው መቅረት ይችል ነበር። እርሱ ግን በ1962 ወደ አገሩ ተመለሰ።

በተመለሰ ጊዜ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተከፍቶ አገኘው። ይህን ትምህርት ቤት ያቋቋሙት፥ በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ሥዕል ተምረው የተመለሱት አለ ፈለገ ሰላም ናቸው። ገብረ ክርስቶስም በዚሁ ትምህርት ቤት በመምህርነት ተቀጠረ። በ1963 ሥዕሎቹን በአዲስ አበባ በኤግዚቢሽን አቀረበ፤ የከተማውም ተመልካች በሁለት ተከፍሎ ተነጋገረበት።

የንግግሩን ምክንያት ለመረዳት ተመልካቹ ለምዶት የነበረውን ሥዕል ማሰብ ያስፈልጋል። የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን የራሱ ሕግ አለው። ጻድቁ ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ኃጥኡ በአንድ ዓይኑ ወደ ጎን ይሣላል። ማን ማን እንደ ሆነ በልብሱ፥ በፈረሱ፥ በያዘው ነገር ይታወቃል። ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ሥዕል ደግሞ የጀግናን፥ የመልክዐ ምድርንና የንጉሥን መልክ አስመስሎ የሚያሳይ ነበር። በሁለቱም ዘንድ ተመልካቹ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህ ማን ነው፥ ይህ ምንድን ነው ብሎ ነው። የገብረ ክርስቶስ ሥዕል ለዚህ ጥያቄ ቶሎ አይመልስም። አንዳንዱ ረቂቅ፥ አብስትራክት የሚባለው ዐይነት ሆኖ፥ ከቀለምና ከቅርጽ በቀር የሚጨበጥ ነገር አይሰጥም። ስለዚህ አንዳንዶቹ አዲስ ዘመን መጣ ብለው ተደሰቱ፤ ሌሎቹም ጓደኛዬ በምግብ አዳራሽ የተናገረውን ያንኑ ነገር ተናገሩ። ክርክሩ እንግዲህ ስድሳ ዓመት አልፎታል ማለት ነው።

እኔ ራሴ «ጎልጎታ» የተባለውን የ1963 ሥዕሉን መጀመሪያ በመጽሐፍ ታትሞ ሳየው ደንግጬ ነበር። በቤታችን ግድግዳ ከልጅነቴ ጀምሮ የማየው ስቅለት ሰላም ያለበት ነው፤ እመቤታችን በአንድ ወገን፥ ዮሐንስ በሌላው ቆመው፥ ሁሉም በየቦታው ነው። በዚህኛው ግን አንድ የተዘረጋ ሰውነት ብቻ አለ፤ ሰውነቱም ደም ነው። ማነው ብዬ ልጠይቅ ጊዜ አላገኘሁም፤ ሥቃዩን አስቀድሜ አየሁት። ደጋግሜ ከተመለከትሁት በኋላ አንድ ነገር በልቤ ገባ። ያ ቀይ ቀለም ከኮሎኝ ብቻ የመጣ አይመስለኝም። አባቱ በብራና ላይ የቅዱሳንን ስም ከጥቍሩ ጽሕፈት የሚለዩበት ቀይ ነው። ልጁ ስሙን ትቶ ቀዩን በሸራው ላይ አስፍቶ ዘረጋው። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ሠዓሊው ሲናገር የሰማሁት አይደለም። ነገር ግን ከቁም ጸሐፊ ቤት ያደገ ሰው ቀይ ቀለምን ያለ ምክንያት አያፈስስም ብል ብዙ የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

ገብረ ክርስቶስ ጫማ የሚጠርጉትን የሊስትሮ ልጆች ሥሏል፤ ችግረኞችን ሥሏል፤ የአዲስ አበባን የቆርቆሮ ጣሪያዎች ሥሏል። ፈረንጅ አዲስ አበባን ሲሥል የሚመርጠው ቤተ ክርስቲያኑን፥ ገበያውንና ባለ ጋሻ አርበኛውን ነው። ዝገት የያዘውን ቆርቆሮ ሥዕል ይሆናል ብሎ የሚያስብ ግን በቆርቆሮ ሥር የኖረ፥ ዝናብ ሲመታው ሌሊት የሰማ ሰው ነው። ከመካከላችን እንጦጦ ወጥቶ ከተማውን ቍልቍል ያላየ የለም። ከዚያ ላይ ሲታይ ሰው አይለይም፥ መንገድ አይለይም፤ የሚታየው አንዱ ቡናማ፥ አንዱ ብርማ፥ አንዱ የጠቈረ፥ እርስ በርሱ የተገጣጠመ ጣሪያ ብቻ ነው። ረቂቅ ሥዕል ማለት ምን እንደ ሆነ እኔ የገባኝ ከመጽሐፍ ሳይሆን እዚያ ላይ ቆሜ ነው። እርሱ ያደረገው ነገር በየቀኑ የምናየውን አውጥቶ ማሳየት ነበር።

ለጓደኛዬ ፍርድ ለመሆን ያህል ግን አንድ ነገር አምናለሁ። ከሥራዎቹ መካከል፥ ስሙን ሸፍነው ቢያሳዩኝ የጀርመን ሠዓሊ ሥራ ነው ብዬ የማልፋቸው አሉ። ማንም ተማሪ ከመምህሮቹ እጅ አንድ ቀን ተነሥቶ አይወጣም። ጥያቄው ከየት ተማረ ሳይሆን በተማረው ምን አደረገበት የሚለው ይመስለኛል። የቁም ጽሕፈቱም ቢሆን፥ አባቱ ከሌላ ቁም ጸሐፊ የተማሩት ነበርና።

አሁን ወደ መምህርነቱ ልለፍ፤ የዚህች ጽሑፍ ዋና ነገር እርሱ ነውና። ገብረ ክርስቶስ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ከአሥር ዓመት በላይ አስተማረ። በ1965 በሥነ ጥበብ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሰጠው፤ በዚያን ጊዜ በአገሩ ከዚህ የሚበልጥ የጥበብ ሽልማት አልነበረም። በ1966 ደግሞ እስክንድር ቦጎስያን ከፓሪስ ተመልሶ በዚሁ ትምህርት ቤት ለጥቂት ዓመታት አስተማረ። ሁለቱ በአንድ ግቢ ውስጥ ሆነው፥ አንዱ ሌላውን ሳይመስል፥ የወጣቶችን ዓይን ገለጡ። ያን ዘመን የአዲሱ የኢትዮጵያ ሥዕል የንጋት ሰዓት ብለው የሚጠሩት ሰዎች ብዙ አላጋነኑም።

የአንድን መምህር መልካምነት በምን እንለካዋለን? እኔ በቤተ ክህነቱ የቅኔ ቤት ልማድ ልለካው እወዳለሁ። በቅኔ ቤት ተማሪው ሌት ተቀን የመምህሩን ቅኔ ይሰማል፤ ነገር ግን ሲዘርፍ የመምህሩን ቅኔ መልሶ ቢያቀርብ ነውር ነው። የራሱን ማምጣት አለበት። በዚህ ሚዛን ገብረ ክርስቶስን ብንመዝነው፥ በእርሱ ዘመን ከዚያ ትምህርት ቤት የወጡትን ሠዓልያን ማየት ይበቃል። ዘሪሁን የትምጌታ በቀርከሃ ፍልጥ ላይ እየሠራ የጥንቱን የክታብ ሥዕል አዲስ ሕይወት ሰጠው። ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ የግዕዝን ፊደል ራሱን አንሥቶ፥ አጣምሞና በትኖ፥ ሥዕል አደረገው። ታደሰ መስፍን በገበያ ተቀምጠው የሚሸጡ እናቶችን እንደ ዐምድ አቁሞ ሣላቸው። ከእነዚህ አንዱ እንኳ የገብረ ክርስቶስ ግልባጭ አይደለም። አስመሳይ ለማፍራት የሚፈልግ መምህር እነዚህን ሰዎች ባላፈራም ነበር። የተማሩት እጁን ሳይሆን ድፍረቱን ነው፤ ይኸውም የራስህን ነገር በራስህ መንገድ ማየት ይፈቀድልሃል የሚለውን ትምህርት ነው።

ገብረ ክርስቶስ ባለቅኔም ነበር። የስንኙን ርዝመት እንደ ልቡ አጠፈና ዘረጋ፤ አንዱን ቃል እንደ ከበሮ ምት ደጋገመ፤ ሰማይ የሚወጣውን መንኰራኵር፥ የከተማውን ብቸኝነት፥ የአገር ናፍቆትን በግጥም ጻፈ። «ሀገሬ» የተባለውን ግጥሙን፥ የሥዕሉን አንድ ሸራ እንኳ አይቶ የማያውቅ ሰው በቃሉ ይወጣዋል። ሆኖም በሕይወቱ ሳለ ግጥሞቹ በአንድ መጽሐፍ ተሰብስበው ሲታተሙ አላየም።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ አሳዛኝ ነው። በ1974 አብዮቱ ፈነዳ። ደርግ ሥልጣኑን ሲያጠብቅ፥ ጥበብ ለፖለቲካው እንዲያገለግል፥ ሠዓሊውም የታዘዘውን እንዲሥል ይፈለግ ጀመር። ከዚያም የቀይ ሽብር ዘመን መጣ። በዚያ ዘመን የእኛ ግቢ ተማሪዎች የከፈሉትን ዋጋ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መተረክ አያስፈልገኝም። በወጣትነቱ ሥዕል በትእዛዝ ከታገደበት ትዝታ ገና ባልተላቀቀ አገር የተማረው ሰው፥ በጕልምስናው ያንኑ የሚመስል ነገር በገዛ አገሩ አገኘው። በዚያው በ1970ዎቹ መገባደጃ ከአገር ወጣ። በጀርመን ጥቂት ቈይቶ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ በኦክላሆማ ክፍለ ግዛት ላውተን በምትባል ከተማ ተቀመጠ። እዚያው መጋቢት 30 ቀን 1981፥ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው፥ ዐረፈ። በእኛ አቈጣጠር መጋቢት 21 ቀን 1973 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከጀርመን ሊቀር ሲችል የተመለሰው፥ አገሩን በግጥም ያን ያህል የናፈቀው ሰው፥ ዘመድ ወዳጅ በማይበዛበት ሩቅ ከተማ ሞተ።

ሥራው ግን ከእርሱ ይልቅ ዕድለኛ ሆነ። ግጥሞቹ ከሞተ ከሃያ ዓመት በላይ ቈይተው «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል ርእስ ታተሙ። በጀርመን ቀርተው የነበሩ ሠላሳ ያህል ሥዕሎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ2008ም በዩኒቨርሲቲያችን ሥር በስድስት ኪሎ በስሙ የተጠራ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተ። እርሻ አቋርጦ የወጣበት ተቋም፥ ከግማሽ ምእት ዓመት በኋላ በሩን ከፍቶ ስሙን በላዩ ጻፈበት።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ተናዝዤ ላብቃ። እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ ግጥም ለመጻፍ እሞክራለሁ። በመጀመሪያው ዓመት የጻፍኋቸው ሁሉ የታላላቆቹን ባለቅኔዎች ድምፅ የሚያስተጋቡ ነበሩ። ኋላ የገብረ ክርስቶስን ግጥሞች ሳነብ ነጻ የወጣሁ መሰለኝና፥ ስንኙን እንደ እርሱ እያሳጠርሁ፥ ቃሉን እንደ እርሱ እየደጋገምሁ አንድ ደብተር ሞላሁ። ለጓደኞቼም እያነበብሁላቸው ተመሰገንሁ። ነገር ግን ይህችን ጽሑፍ ሳዘጋጅ፥ የተማሪዎቹን ሥዕሎች ከመምህራቸው ሥዕል ጋር ሳስተያይ፥ ያን ደብተር እንደገና ለመክፈት ፊት አጣሁ። በዚያ ውስጥ አንድም የራሴ መሥመር አልነበረም። በምግብ አዳራሹ ያን ያህል የተቈጣሁትም ስለ ገብረ ክርስቶስ ሳይሆን ስለ ደብተሬ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ። ጓደኛዬ እርሱን አስመሳይ ሲል፥ አስመሳዩ እኔ መሆኔን ልቤ ዐውቆት ነበር። አሁን ሌላ ደብተር ጀምሬአለሁ። እስካሁን የተጻፈበት ሦስት ገጽ ብቻ ነው፤ የሚያስመሰግንም አይመስለኝም።

ጓደኛዬ በሚመጣው ቅዳሜ ሥዕሎቹን ለማየት አብሮኝ ሊሄድ ቃል ሰጥቶኛል። አይቶ ሲያበቃ አሁንም በፍርዱ የጸና እንደ ሆነ፥ በሚቀጥለው እትም መልሱን እንዲጽፍ እኔው ራሴ አዘጋጆቹን እለምንለታለሁ።